በመነጽሩ ውስጥ ያለው ሽማግሌ

ቂርቆስ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

እንዴት ነሽ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ተስማምተሻል? ይህን ሁሉ ስጠይቅ ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፤ መልሱን እፈልጋለሁ። ሰላም ሳይባባሉ ወሬ መጀመር እኔ ቤት የለም። ይህን በልብሽ መልሺና ቀጥለሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የአውቶቡሱ ረዳት መስቀል አደባባይ ላይ ከኪሱ አውጥቶ ሲሰጠኝ አፉ ተንቀሳቀሰ። ከፊቱ እንዳየሁት «በዚህ ዘመን ወረቀት?» ያለኝ ይመስለኛል። «ስልክህን ላሜራ ሲቀጠቅጥ ለኖረ ጆሮ ስጠውና ምን እንደሚሰማ ንገረኝ» አልኩት። በስልክ የምትልኪው ጽሑፍም ለዓይኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ስለዚህ ወረቀት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ማታ ማታ ከጋራዥ መልስ ነው። ብሳሳት አትረሚኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። ደብዳቤሽ ሙሉው ይቅርታ ነው። ለምን? ማንን በደልሽ? ደጋግሜ አነበብኩት፤ የገባኝን ልንገርሽ። ኮሌጃችሁ አዲስ መነጽር አስመጣ። መነጽር ትሉታላችሁ እንጂ ፊት ላይ የሚታሰር ሳጥን ነው። እሱን ስታጠልቂ የሌለ ቤት ይታይሻል፣ የሌለ ሽማግሌ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። የአእምሮ ጤና ነርስ ለመባል እሱን አነጋግረሽ ማለፍ አለብሽ። አንቺም ገባሽ። ሰላም አልሽው። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጎረቤቶቹ ጠየቅሽው። ክፉ አይንካዎት አልሽው። ሰዓቱ አለቀና ወደቅሽ። ደግመሽ ገባሽ፣ ደግመሽ ወደቅሽ። የቀረሽ ታኅሣሥ ላይ አንድ ዕድል ነው፤ እሱንም ካላለፍሽ ከትምህርት ክፍሉ ትሰናበቻለሽ።

ይኼ ነው ጥፋትሽ? እኔና አያትሽ ጦቢያ ያሳደግናት ልጅ ሽማግሌ አክብራ ወደቀች? እንደዚያ ብለው በትልቅ ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ፍሬም አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ። የወደቀው ሰላምታ የማያውቀው ማሽን ነው፣ አንቺ አይደለሽም። በሦስተኛውም ልክ እንደዚያው አድርጊ። አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።

ስለ እኔ ጠይቀሻል። አለሁ። አዚዛ ከሱቋ ጀርባ ያከራየችኝ ክፍል ዝናብ አያስገባም። «ጋሽ ቸሩ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ እኮ ሌላ ሰፈር ቤት ደርሶዎት ነበር፣ ለምን አልሄዱም?» እያለች፣ በዱቤ ደብተሯ ላይ በትልቁ እየጻፈች፣ እስከ ዛሬ ትጨቀጭቀኛለች። ለእሷ ያልኩትን ለአንቺም ልበልሽ፤ ጦቢያን ቀብሬ የተመለስኩት ካዛንቺስ ነው፣ በእግሬ ካዛንቺስ ደርሼ መመለስ ከማልችልበት ቦታ አልኖርም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ቤታችን የነበረበት ላይ እቆማለሁ። አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል፣ ሣር ተተክሎበታል፣ መብራቱም ያምራል። አያምርም አልልም። ጥበቃው በእጁ እያመለከተ ከዚህ ዞር በሉ ይለኛል። «እኔ የቆምኩት መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው፤ አንተ ነህ ሳታንኳኳ የገባኸው» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ራዲዮኑን ለአዚዛ ሰጠኋት። ጆሮ ለሌለው ሰው ምን ያደርግለታል።

በርቺ። ይቅርታ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

አባትሽ ቸሩ


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ከትንኙ ጋር ግን እስካሁን አልታረቅንም። እርስዎስ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቁርስ አዚዛ ጋ ነው የሚበሉት ወይስ እኔ ሩቅ ነኝ ብለው ዘለሉት?

ፍሬም አስገብቼ እሰቅለዋለሁ ያሉትን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። በሳቅ ሞቱ። ግን አባባ፣ በቃ እውነቱን ልንገርዎት፤ ባለፈው ደብዳቤዬ ነገሩን አድበስብሼዋለሁ። የወደቅሁት በሰላምታው አይደለም። ሰላምታውን እንዲያውም መምህር ገቢሳ ወዶታል። ሽማግሌውን የሚያናግረው እሱ ነው፤ ማለቴ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጦ እኔ ያልኩትን ይሰማና ከተቀዱት መልሶች የሚስማማውን ይመርጣል።

ሽማግሌው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለብቻው የሚኖር ሰው ተደርጎ ነው የተሠራው። መነጽሩን ሲያጠልቁት የእኛ ክፍል ድራሹ ይጠፋል፤ ዞር ቢሉ በጠራራ ቀን የተዘጋ መጋረጃ አለ፣ ጎንበስ ቢሉ የተበላሸ ምንጣፍ አለ። ሚስቱ ሞታበታለች። ሙሉ ልብሱን ለጎረቤት ሰጥቷል። ምግብ ሲቀርብለት «ከእንግዲህ ለማን ብዬ» ይላል። ይህን ያየ ነርስ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፣ ያውም ሳይዞር፣ በግልጽ ቃል፤ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ። ተስፋ ቆርጠዋል ወይ ማለት አይበቃም። ክፉ ነገር አስበዋል ወይ ማለትም አይበቃም።

መምህር ገቢሳ ስለጠየቅነው ሰው ሐሳቡ አይመጣበትም ይላል። ሐሳቡ ያለበት ሰው ግን ሌላ ሰው ሳይፈራ ስሙን ሲጠራለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አይሆንም። መነጽሩም ለዚህ ነው የመጣው፤ በእውነተኛ ሰው ላይ እየተሳሳቱ መማር አይቻልም።

እኔ አልቻልኩም። በመጀመሪያው ቀን በሰላምታ ሰዓቱን ጨረስኩት፣ እያወቅሁ። በሁለተኛው ቀን ጀመርኩት። «ራስዎን...» ስል ሽማግሌው ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ራስዎን ይጠብቁ፣ እሺ?» ብዬ መነጽሩን አወለቅሁት። ክፍሉ ሳቀብኝ። መምህሩ ግን አልሳቀም።

ይኸው ነው አባባ። ያስተማሩኝ አክብሮት አፌን ያዘኝ ልል አልፈልግም፤ ግን አፌ ተያዘ።

ራዲዮኑን ለምን ሰጡ? ባይሰሙትም ከጎንዎ ሲበራ ደስ ይልዎት ነበር።

ልጅዎ ሩሐማ


ቂርቆስ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሩሐማ፣

ሰላም ነሽ? እግዜር ይመስገን። እኔም አለሁ።

ያንን ቃል በደብዳቤሽ ላይ ሳነብ ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተመልሼ አነሳሁት፤ አንቺ የጻፍሽው ነውና።

ይህ ትምህርት ነው? ይህ ሟርት ነው! ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ያውም የልጅ ልጁ የምታክል ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ታወጣለች? ክፉ ነገር ስሙ አይጠራም። ጦቢያ የማትድን መሆኑን ሐኪሙ ሲያውቅ እኔን ኮሪደር አውጥቶ ነው የነገረኝ፤ ፊቷ ላይ አልተናገረም። እሷም ታውቅ ነበር። እኔም እንደምታውቅ አውቅ ነበር። ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ተከባብረን ተለያየን። መከባበር ማለት እሱ ነው።

ደግሞስ ሰውየው ቢቆጣ? ከቤቴ ውጪልኝ ቢልሽ? እኔ ብሆን እልሽ ነበር።

ለአስተማሪሽ ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ ፖስታው አብሮ አለ፣ ሳትከፍቺ ስጪው። ምን እንዳልኩት ግን አልደብቅሽም። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ለመምህር ገቢሳ። እኔ ቸሩ፣ የሩሐማ አያት፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ልጄን ያሳደግኋት ሽማግሌ ሲገባ እንድትነሳ፣ ሲናገር እንድታዳምጥ ነው። እርስዎ በሳጥን ውስጥ ሽማግሌ ሠርተው ስድብ የመሰለ ጥያቄ ጠይቂው ይሏታል። ሽማግሌ ከፈለጉ እኔ አለሁ፤ አርባ ምንጭ ድረስ መጥቼ ሶፋዎ ላይ እቀመጣለሁ። ያኔ እርስዎ ራስዎ ይጠይቁኝ። ወንድ ከሆኑ ማለቴ ነው። ካልሆነ ልጅቱን ያለዚህ ጥያቄ ያሳልፏት።»

ይህን ነው ያልኩት። አይበዛም።

ስለ ራዲዮኑ አትጨቅጭቂኝ።

ቸሩ


ቂርቆስ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሩሐማ፣

እንዴት ነሽ ልጄ።

አስተማሪሽ መልሶልኛል። ለደካማ ዓይን ብሎ ፊደሉን አተልቆ ጽፏል፤ ይህን አልነሳውም። ይቅርታ አላለኝም፤ ይህንንም አልነሳውም፣ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እንቀው ነበር። ጥያቄውን እንደማያስቀር በአክብሮት ነግሮኛል። ለሰላምታሽ ያለውን አድናቆት ጽፏል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቆኛል። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። አልመለስኩለትም።

አዚዛ ደውላልሽ እንደነበር አውቃለሁ። ሱቅ ውስጥ ቆማ ስልክ ይዛ ወደ እኔ ስታይ ስለ ማን እንደምታወራ ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም። የነገረችሽ እውነት ነው፣ ግን እንደነገረችሽ አይደለም። መዶሻዬንና ፒንሳዬን ለጋራዡ ሰዎች የሰጠሁት እጄ ስለደከመ ነው። ካፖርቴን የሰጠሁት ብርድ ላይ ስለማልወጣ ነው። የማልወጣው ስለማልፈልግ ነው። ካዛንቺስ መሄዱንም ትቻለሁ፤ ጥበቃው መንገዱን እንደልቡ ይጠብቅ።

ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብለሽ ጠይቀሻል። አዚዛ ታመጣለች። ሳህኑ ተመልሶ ይሄዳል። ባዶውን ይሁን ሙሉውን ብለሽ ደግሞ እንዳትጠይቂኝ።

አንቺ ፈተናሽን አስቢ። ስለ እኔ አታስቢ፤ እኔ ለማን ብዬ...

ወረቀቱ አለቀ።

ቸሩ


ቂርቆስ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሩሐማ፣

ደብዳቤሽ ደርሷል። የመነጽሩን ሽማግሌ መጠየቅ ያቃተሽን ያንን ቃል፣ ለእኔ፣ ላሳደገሽ ሰው፣ በቀለም ጽፈሽ ላክሽልኝ። ሙሉውን። ሳትዞሪ።

እኔ የሳጥን ሽማግሌ አይደለሁም። የማንም መለማመጃ አይደለሁም።

አልመልስልሽም።

ቸሩ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

እንዴት አደሩ? እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ? ሰላምታዬን አልቀንስም፤ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ይቅርታም አልጠይቅም። እሱንም የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት።

አባባ፣ ልለማመድብዎት አይደለም የጻፍኩት። መነጽሩን ባጠለቅሁ ቀን ሽማግሌው ቀና ሲል ያየሁት የእርስዎን ፊት ነው። መልኩ አይመስልዎትም፤ አፍንጫው ሌላ፣ ድምፁ የማላውቀው የጎጃም ሰው ነው። ግን ልብሱን ሰጥቷል፣ እርስዎ ካፖርትዎን ሰጥተዋል። መጋረጃውን ዘግቷል፣ እርስዎ ካዛንቺስ መሄድ ትተዋል። እሱ «ለማን ብዬ» ይላል። እርስዎም ከባለፈው በፊት በላኩት ደብዳቤዎ ያንኑ ጀምረው ወረቀቱ አለቀ አሉኝ። አባባ፣ ወረቀቱ አላለቀም። ከታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር።

አፌ የተያዘው ሽማግሌ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። አዎ የሚል መልስ ፈርቼ ነው። እሱ አዎ ካለ እርስዎም አዎ የሚሉ መሰለኝ።

አሁን አልፈራም፤ ማለቴ እፈራለሁ ግን እጠይቃለሁ። አዎ ካሉ አልሮጥም፣ አልሰብክዎትም፣ ኃጢአት ነው አልልዎትም፣ አብሬዎት ቁጭ እላለሁ። አይደለም ካሉም አምንዎታለሁ። ዝም ካሉኝ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። አዚዛ ብቻዎን እንዳትተውዎት ነግሬያታለሁ፤ በዚህም መቆጣት ይችላሉ። ይቆጡ! የእርስዎን ቁጣ እወደዋለሁ፤ የቀዘቀዘው ጽሑፍዎ ነው ያስፈራኝ።

ፈተናው ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ በፊት መልስዎ ካልደረሰኝ ፈተናውን ትቼ አውቶቡስ ላይ እወጣለሁ። ከትምህርት ክፍሉ ያሰናብቱኝ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ።

ልጅዎ ሩሐማ


ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

መልሱ አዎ ነው።

አሁን ቁጭ በዪ። ሮጠሽ አውቶቡስ እንዳትይዢ። አልሮጥም ብለሻል፤ ቃልሽን ጠብቂ።

ከክረምቱ ጀምሮ ነው። አመጣጡን አላውቅም። እኔ አዚዛ ጋ ተከራየሁ፣ ሐሳቡ ደግሞ እኔ ጋ ተከራየ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል እንግዳ ነበር፤ ኋላ የቤቱ ባለቤት እሱ ሆነ። ዕቃዬን አንድ በአንድ ያስወጣኝ እሱ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ለአዚዛ? ደንግጣ ሱቋን ልትዘጋ። ለንስሐ አባቴ? ተቆጥተው ሊገዝቱኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከእሱ ጋር ብቻችንን ቀረን፣ እሱና እኔ።

ለምን እንደተቆጣሁብሽ ታውቂያለሽ? ሟርት ስለሆነ አይደለም። እጅ ከፍንጅ የያዝሽኝ መሰለኝ። ቸሩ ተንበረከከ ብለሽ የምታስቢ መሰለኝ። እኔ በሕይወቴ ለማንም አልተንበረከክሁም፤ ለጋራዥ ባለቤት አልተንበረከክሁም፣ ለቀበሌ አልተንበረከክሁም። አሁን ለዚህ ስም ለሌለው ነገር ተንበርክኬ ልገኝ? ይህን እያሰብኩ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ስም አለው። አንቺ ጠርተሽዋል። ስም ካለው ደግሞ ላባርረው እችላለሁ። ቤቴን ለብስክሌት ለቅቄያለሁ፤ ራሴን ግን ለማንም አለቅም!

ለአዚዛ ነገርኳት። ጮኸች። ቀጥላ ሰደበችኝ፣ ምን እንዳለችኝ ባልሰማም ረዥም ነበር። ከዚያ ፍራሿን አምጥታ የክፍሌ በር ላይ አነጠፈች። «ሰው ምን ይላል? ወንደላጤ ነኝ እኮ» አልኳት። በያዘችው ፎጣ መታችኝ። ቀን ቀን ደግሞ ሱቋ ውስጥ ወንበር ሰጥታኝ ደንበኛ ፊት ታስቀምጠኛለች፣ እንደ ስኳር ከረጢት።

አስተማሪሽ የጠየቀኝን ልንገርሽ። «አባቴ፣ ሽማግሌ ከፈለጉ እኔ አለሁ ብለውኛል። ልጠይቅዎት?» ነው ያለው። ይኸው፣ መልሴን አብረሽ ስጪው። አንቺ ቀደምሽው በይው።

በቀደመው ደብዳቤሽ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ብለሻል። እሄዳለሁ። ተጎትቼ አይደለም፤ በራሴ እግር፣ በራሴ ቀን። እሺ፣ አዚዛ ቀኑን ሰኞ ብላ ወስናለች።

አንቺ ደግሞ ፈተናሽን ትተሽ ብትመጪ በር አልከፍትልሽም፤ አዚዛም ፍራሿ ላይ ናትና አታስገባሽም። ግቢና ያንን ሽማግሌ ጠይቂው። ዓይኑን እያየሽ። ይቆጣ! ይጩህ! እኔም ተቆጥቻለሁ፣ አንቺ ምንም አልሆንሽም፣ እኔም ምንም አልሆንኩም።

አባትሽ ቸሩ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

እንዴት ነዎት? ዛሬ ሰላምታዬ ይቺው አንዲት ጥያቄ ናት፤ ግን ሙሉ መልስ እፈልጋለሁ።

ደብዳቤዎን ይዤ ውጭ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር ነው ያነበብኩት። አልሮጥኩም። ትንሽ አለቀስኩ፤ አላለቅስም ግን አላልኩም ነበር፣ መልሰው ያንብቡት።

ፈተናው ትናንት ነበር፣ በአንድ ቀን አራዘሙት። ገባሁ። ሶፋው ላይ ነበር። እንደ ልማዴ ሰላም አልኩት፣ ጎኑ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጠየቅሁት፤ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» በዚህ ጊዜ ቃሉን እስከ መጨረሻው አደረስኩት። ሽማግሌው ዝም አለ። መምህር ገቢሳ ሆን ብሎ ነው ዝም ያሰኘው፤ አብራኝ ትጠብቃለች ወይስ ትሸሻለች ብሎ። ጠበቅሁ። ክፍሉም አልሳቀብኝም። በመጨረሻ «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «እኔ ጠየቅሁዎት፤ እዚሁ ነኝ፣ ይንገሩኝ» አልኩት።

አልፌያለሁ አባባ።

ግን መነጽሩን ሳወልቀው አንድ ነገር ከነከነኝ። እሱን ለሚቀጥለው ተማሪ መልሰው ሶፋው ላይ ያስቀምጡታል፤ ማንም እንዳልጠየቀው ሆኖ እንደ አዲስ ይጀምራል። እርስዎ ግን አንድ ነዎት። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄዱ? ማን አየዎት? ምን አለዎት? ምን መለሱ? ሳያድበሰብሱ ይጻፉልኝ።

ለገና እመጣለሁ። በር ይክፈቱልኝ።

ልጅዎ ሩሐማ


ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለነርስ ሩሐማ፣

እንዴት ነሽ? ማለፍሽን ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ሳሙና ሊገዛ ለመጣውም፣ ለማይፈልገውም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ማንም አልጎተተኝም። አዚዛ ከኋላዬ ትመጣ ነበር፣ መንገዱ የጋራ ነው።

ያየችኝ ነርስ ስሟ ሂባ ነው። ከአንቺ ብዙ አትበልጥም፣ ሻሿን ጥንቅቅ አድርጋ ያሰረች ልጅ ናት። ግፊቴን ለካች። ስለ እንቅልፌ በእጇ ጉንጯን ደግፋ ጠየቀችኝ፤ ጆሮዬ እንደማይሰማ ወዲያው ገብቷታል። ስለ ምግብ ጠየቀችኝ። አዚዛ የነገረቻትን ሁሉ ጻፈች፤ ካፖርቱን፣ መዶሻውን። ከዚያ ብዕሯን ማሽከርከር ጀመረች። ወደ መስኮቱ አየች። ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔም አየኋትና በልቤ፣ ይቺ ልጅ ገብታለች፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣለች፣ አሁን ራስዎን ይጠብቁ ብላኝ ልትወጣ ነው አልኩ።

«ጠይቂኝ» አልኳት።

አፏ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁም። ጮክ በዪ!»

ወረቀት አነሳች፣ ልትጽፍልኝ። «በጽሑፍ ተጠይቄያለሁ፤ አሁን በአፍ ነው የምፈልገው» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። በሩን አየች፣ በሩ በደንብ አይዘጋም፣ ውጭ ሰው ተደርድሯል። ቢሆንም ተነሳች፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና ጮኸች። ሰማኋት። ስንት ጊዜ የሰው ድምፅ ሳልሰማ ከርሜ ያንን ሰማሁ። ጤና ጣቢያው በሙሉ ሰማ። እኔም የድምፄን ልክ አላውቀውምና «አዎ! አስቤ አውቃለሁ! አሁንም አንዳንዴ ይመጣል!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚህ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የሆነውን አዚዛ ናት ጽፋ የነገረችኝ።  ልጇን የምታጠባ ሴት ማጥባቷን ሳታቋርጥ ወደ በሩ ዞረች። እግሩን በፋሻ የጠቀለለ ጎልማሳ፣ ሃይላይ የሚባል፣ ደምበል አካባቢ ጥበቃ የሆነ፣ ወደ አዚዛ ጠጋ ብሎ «እኔንም እንዲህ ትጠይቀኛለች?» አላት። «ተራዎን ይያዙ» አለችው አዚዛ። ሱቅ ያለች ነው የመሰላት። ሰውየው ግን ተራውን ያዘ። ለፋሻው የመጣ ሰው ወደ ሂባ በር ዞሮ ተቀመጠ።

እኔ ስወጣ ሁሉም አዩኝ። አንገቴን አልደፋሁም። ሰባ ዘጠኝ ዓመት አልደፋሁትም፣ ዛሬ የምደፋበት ምክንያት አላየሁም።

ሂባ ከእኔ ጋር ቆየች። ሐሳቡ ሲመጣ ማንን እጠራለሁ፣ እጄ የት የት መድረስ የለበትም፣ ማን ከእኔ ጋር ያድራል፣ ይህን ሁሉ፣ እሷ እየጻፈች እኔ እየመለስኩ፣ ተነጋገርን። የተስማማንባቸው አሉ፣ ያልተስማማንባቸው አሉ። ሐኪም ያየኛል፣ በዚህ ተስማማሁ። መድኃኒት ካዘዘ እወስዳለሁ፣ በዚህ ተከራክሬ ተስማማሁ። «አባብዬ» ትለኝ ነበር፤ ስሜ ቸሩ ነው አልኳት፣ በዚህ እሷ ተስማማች።

ድነዋል ወይ ብለሽ ልትጠይቂኝ ይሆናል። አልዳንኩም። ጠዋት ጠዋት አሁንም ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል። ግን አሁን ስሙን ጠርቼ እቆጣዋለሁ፣ አዚዛም ማንን እንደምቆጣ ታውቃለች።

ሂባ ሐሙስ ተመልሰው ይምጡ ብላኛለች። እሄዳለሁ። ታዝዤ እንዳይመስልሽ። ያንን ጥያቄ ከጠየቀችኝ በኋላ ስለ ጦቢያ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ መጻፍ ጀምራ ሰው መጣባት፣ አቋረጠችው። ምን ልትለኝ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባትሽ ቸሩ